ጐንደርን በእግር ለሚያይ ቤተሰብ የሚስማማ መጫሚያ

የጥምቀት በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚደረገውን ዝግጅት አንባብያን ሁሉ ያውቁታል። የሐበሻው ቀሚስ ጥለቱ ተመርጦ ለሸማኔው የሚታዘዘው ገና በጥቅምት ወይም በኅዳር ነው፤ ነጠላው ታጥቦ፣ ኩታው ተተኵሶ፣ የልጆቹም ልብስ በልካቸው ተሰፍቶ ከብዙ ቀን በፊት ይቀመጣል። ጫማው ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። በጉዞው ዋዜማ ከገበያ በጥድፊያ ይገዛና ሳይፈተን፣ እግርም ሳይለምደው ወደ ጐንደር ይኬዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በከተራ ዕለት ማታ በየማረፊያ ቤቱ ለብ ያለ የጨው ውኃ ተሞልቶ የሚቀርበው ሳፋ ይመሰክራል። በአማረ ቀሚስ ያጌጠች እመቤት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በባዶ እግሯ ስትመለስ ማየት በዚያ በዓል እንግዳ ነገር አይደለም።

ክቡራን አንባብያን፤ ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በጐንደር ለሚሰነብት ቤተሰብ ከልብሱ ይልቅ ጫማው ይቀድማል እንላለን። ቀሚስ ቢጠብም ቢሰፋም በነጠላ ይሸፈናል፤ የሚጐዳ ጫማ ግን በምንም አይሸፈንም። የእናት እግር ከቈሰለ ልጆቹም አብረዋት ይቀመጣሉ፤ አያት መራመድ ካቃታቸው ታቦቱ በክብር ሲመለስ ሳያዩ ይቀራሉ፤ ስንት ወር ሙሉ የተጠራቀመው የጉዞ ገንዘብም በአንድ ቀጭን ማሰሪያ ምክንያት ከንቱ ይሆናል።

ጐንደር በእግር የምትታይ ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን የመሠረቱባት ይህች ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ በኰረብታና በሸለቆ መካከል የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ በውስጧ ሜዳ የሆነ መንገድ እምብዛም አይገኝም። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበ ነው። በውስጡ ከዐፄ ፋሲል ግንብ ወደ ዐፄ ኢያሱ፣ ከዚያም ወደ ዐፄ ባካፋና ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግንብ የሚመላለስ ሰው ሣሩን፣ ጠጠሩንና በዘመን ብዛት የተበላውን የድንጋይ ደረጃ በየተራ ይረግጣል። ከግቢው ወጥቶ ጃንተከል ዋርካን ካለፈ በኋላ ታቦታቱ ወደሚያድሩበት፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የዐፄ ፋሲል መዋኛ ለመድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የእቴጌ ምንትዋብ ቍስቋም ደግሞ በኰረብታ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴም በሌላው አቅጣጫ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ለማየት የተነሣ ቤተሰብ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል መራመዱን የሚያውቀው ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ነው።

መንገዱም አንድ ዐይነት አይደለም። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በከተማው በነበሩበት ጊዜ ባሠሩት በፒያሳ ዙሪያ አስፋልቱ ለእግር የተመቸ ነው። ከዚያ ወጣ ሲሉ የኮብልስቶኑ ንጣፍ ይመጣል፤ ከዚያም ቀጥሎ በበጋ ወራት እንደ ዱቄት የላመ አቧራና የሾለ ጠጠር አለ። አየሩም እንዲሁ ነው፤ በጥር ማለዳ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ሆኖ ሳለ፣ እኩለ ቀን ላይ የደጋው ፀሐይ የእግርን ጀርባ እስኪያቃጥል ይበረታል። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ የሚበቃ፣ ከበዓሉ ልብስ ጋርም የሚስማማ መጫሚያ ምን ዐይነት ነው?

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት አባቶቻችንና እናቶቻችን ምን ይጫሙ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። በአገራችን ለረዥም ዘመን አብዛኛው ሕዝብ የሚሄደው በባዶ እግሩ ነበር፤ በዐድዋ ከዘመተውም ሠራዊት የሚበዛው ጫማ አልነበረውም። ክፍት ጫማ ግን እንግዳ አይደለም። በግእዝ ቋንቋ መጫሚያ አሣእን ይባላል፤ መጥምቁ ዮሐንስ ስለ ጌታችን የጫማ ማሰሪያ የተናገረውም ቃል ሲነበብ በሐሳባችን የሚታየን ከቈዳ የተቈረጠ፣ በጠፍር የሚታሰር ክፍት ጫማ ነው። መኪና ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ያረጀው ጎማ በጉልበተኛ እጅ እየተቈረጠ፣ ማሰሪያው በሚስማር እየተመታ በረባሶ የሚባለው ጫማ ተገኘ። መልኩ ለዓይን የማይማርክ ቢሆንም ቅሉ፣ ጠጠርን የማይፈራና ዓመታትን የሚቈይ ስለ ነበረ ገበሬውንም ነጋዴውንም አገልግሏል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ኮንጎ ጫማ ዋጋው የቀለለ፣ በውኃም በቶሎ የሚታጠብ ነው፤ ነገር ግን ፕላስቲክ በመሆኑ በፀሐይ ይግላል፣ እግርንም ያልባል።

በረባሶ የተናቀ መስሎ ሳለ በኋላ ክብር ማግኘቱ የሚያስደንቅ ነው። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረቱት ሶል ሬብልስ የተባለው ድርጅት ይህንኑ የአሮጌ ጎማ መርገጫ ከእጅ ሸማ ጋር አዋሕዶ እየሠራ ወደ ውጭ አገር ልኳል። ትላንት በድህነት ምክንያት የተጫሙት ነገር ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ ከተሞች በወጣቶች እግር ላይ ታይቷል። ከዚህ የምንረዳው የአያቶቻችን ጫማ ጕድለቱ በመርገጫው ሳይሆን በማሰሪያው ሻካራነት እንደ ነበር ነው።

ስለ ባዶ እግር ከተነሣ አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚጠቅሰውን የሻምበል አበበ ቢቂላን ነገር በትክክል ማየት ይሻላል። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ ጫማ አያስፈልግም ማለቱ አልነበረም። እንደሚነገረው ያን ጊዜ የተገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ተጫምቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ እንደ ገና አሸነፈ። የተወው የማይስማማውን ጫማ እንጂ መጫማትን አልነበረም። በዋዜማው የተገዛ ጫማ ይዞ ወደ ጐንደር የሚነሣ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ክፍት ጫማ በሚመረጥበት ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው ተረከዙ ነው። በሁለት ጣት መካከል በአንዲት ክር ብቻ የሚያዘው ነጠላ ጫማ ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ይበቃል፤ ለጐንደር ዳገት ግን አይሆንም። እንዲህ ያለውን ጫማ የሚጫማ ሰው ጫማው እንዳያመልጠው በእያንዳንዱ እርምጃ ጣቶቹን ሳያውቀው ይጨብጣል። ይህም በሺህ የሚቈጠር እርምጃ ሲደጋገም ጣትን፣ የእግርን መዳፍና ባትን ያሳምማል፤ ቍልቍለት ላይ ደግሞ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣቶች ከመርገጫው ውጭ ይወጣሉ። ስለዚህ ከተረከዙ በስተኋላ የሚይዝ፣ በእግርም ጀርባ ላይ የሚያልፍና በዘለበት የሚጠብቅ የሚላላ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል። ዘለበት የሚያሻበትም ምክንያት አለው፤ እግር ከጠዋት እስከ ማታ በመራመድ ብዛት ያብጣልና፣ ጠዋት በልክ የታሰረው ጫማ ከቀትር በኋላ አንድ ቀዳዳ ሊላላ ያስፈልገዋል። በዚሁ ምክንያት ጫማ በማለዳ አይለካም። ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ከተራመዱ በኋላ፣ ሁለቱንም እግር በመጫማት፣ ቆሞ እንጂ ተቀምጦ ሳይሆን መለካት ነው። ከረዥሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ግማሽ ያህል መርገጫ ሊተርፍ ይገባል።

መርገጫውን በእጅ መፈተን ቀላል ነው። ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዞ ማጠፍ ነው። ጤናማ ጫማ የሚታጠፈው ጣቶች ከሚጀምሩበት ላይ ነው፤ እንደ ወረቀት ከወገቡ የሚተጣጠፍ ከሆነ የእግርን ቅስት አይደግፍም፤ ከቶ የማይታጠፍም ከሆነ እንደ ሳንቃ ነው። በመቀጠል የመርገጫውን ውፍረት በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት ይገባል፤ የኮብልስቶን ጠርዝ ሊሰማ የማይችል፣ ነገር ግን ጥቂት ለስለስ ያለ መሆን አለበት። ታኮው ከሁለትና ከሦስት ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሹል ታኮ በድንጋይ ንጣፍ መካከል ባለው ክፍተት እየገባ ቍርጭምጭሚትን ያዞራል፤ ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነውም በዳገት ላይ የኋላውን ጅማት ይስባል። ጀርመኖች ከ1774 ጀምሮ በጫማ ሥራ የሚታወቀው የቢርከንስቶክ ቤተሰብ በ1963 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ያወጣው ክፍት ጫማ፣ መርገጫው በቡሽ የተሠራና የእግርን ቅርጽ የሚከተል በመሆኑ በዓለም ሁሉ ተወዷል፤ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችንም ሲጫሙት እናያለን። በአገር ውስጥ የሚሠራ ጫማ የሚገዛም ሰው ይህንኑ ጠባይ፣ ማለት ለተረከዝ ጐድጐድ ያለ፣ ለመዳፉ መካከል ከፍ ያለ መርገጫ መፈለግ ይችላል።

ከመርገጫው በታች ያለው ገጽ ደግሞ ለጥምቀት ጉዞ ልዩ ነገር ነው። ከጸሎቱ በኋላ በዐፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ጠበሉ ሲረጭ ድንጋዩና አፈሩ ይረጥባል፤ በዚያም ሕዝብ ብዛት መካከል መንሸራተት አደገኛ ነው። የታችኛው ገጹ ልሙጥ ቈዳ የሆነ ጫማ ምንም ቢያምር ለዚያ ቀን አይመረጥም፤ ጕድጓድ ጕድጓድ ያለበት ጎማ ይሻላል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የእንግዳው ቍጥር እንደሚበዛ ይታሰባልና፣ ጥንቃቄው ለልጆችና ለአረጋውያን ይበልጥ ይጠቅማል። የልጅ ጫማ ያለ ኋላ ማሰሪያ ከሆነ በግፊያው መካከል አንዱ ቀርቶ አንዱ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ አባት ልጁን ተሸክሞ መመለሱ ነው።

ስለ ውበት ያለንን አስተያየት ደግሞ በግልጽ እንናገር። ለሐበሻ ልብስ የሚያምረው ጫማ የሚያብረቀርቀው አይደለም። የቀሚሱ ነጭነትና የጥለቱ ኅብር ዓይንን ስለሚስብ፣ ከበታቹ ያለው ጫማ የተፈጥሮ ቈዳ መልክ ያለው፣ ቡናማ ወይም የማር መልክ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ሆኖ ሲገኝ ልብሱን ያስከብራል። ወርቃማ ቀለም የተቀባው ሰው ሠራሽ ማሰሪያ ግን ሁለት ጕዳት አለበት፤ በፀሐይ ይግላል፣ ቀለሙም በላብ እየተላቀቀ ነጭ ካልሲንና የቀሚስ ጫፍን ያበላሻል። ቀጭን ቀጭን ብዙ ማሰሪያ ያለው ጫማ በመደብር መስኮት ሲታይ ያማልላል፤ በእግር ላይ ግን እያንዳንዱ ክር ቆዳን እንደ ሽቦ ይቈርጣል። ስፋቱ ሁለት ጣት ያህል የሆነ፣ ውስጡ በለስላሳ ገበር የተሸፈነ ማሰሪያ አምሮም ተመችቶም ይገኛል። ለወንዶችም ቢሆን በነጭ እጀ ጠባብና በኩታ ሥር ጥቁር ወይም ቡናማ የቈዳ ክፍት ጫማ፣ በሥርዓት የተወለወለ ከሆነ፣ ከማንኛውም የስፖርት ጫማ ይልቅ ግርማ አለው። ይህን ስንል ብዙ ወጣቶች እንደማይስማሙ እናውቃለን።

በውጭ አገር ያሉ ልጆችና እኅቶች ለወላጆቻቸው ጫማ ሲልኩ የሚሆነውም ነገር መነሣት አለበት። በስልክ የጫማ ቍጥር ይጠየቃል፤ እናትም «ሠላሳ ስምንት» ይላሉ፤ ነገር ግን የአሜሪካው ቍጥር ከአውሮጳው የተለየ ሲሆን፣ የእናትም እግር በዕድሜ ብዛት ከሠላሳ ዓመት በፊት ከነበረው ይሰፋል። የተላከውም ውድ ጫማ በሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ከሰዓት በኋላ እናትን በነጭ ወረቀት ላይ አቁሞ፣ የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ ከብቦ፣ ርዝመቱንና ስፋቱን በሳንቲ ሜትር ለክቶ መላክ ነው።

ጐንደርን የሚጐበኝ ክርስቲያን ጫማውን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ያወልቃል፤ ሙሴ በደብረ ሲና ከቆመበት ጊዜ ጀምሮ በተቀደሰ ስፍራ ጫማ ማውለቅ ሥርዓት ሆኖ ኖሯልና። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን መላእክት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ሁሉ እግሩ ያለ ጫማ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው እስከ ባት የሚጠመጠም ጫማ ለዚህ ጉዞ አይስማማም፤ በአንድ ዘለበት የሚፈታ ይበቃል። በበዓል ቀን በደጃፉ ላይ አንድ ዐይነት የሆኑ ጫማዎች በመቶ የሚቈጠሩ ስለሚከማቹ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአሮጌ ነጠላ የተሰፋ አንዲት ከረጢት ይዞ የሁሉንም ጫማ በአንድነት ቢያስቀምጥ ከመሳሳት ይድናል። ንጹሕ ካልሲም ከዚያው ጋር ይያዝ፤ በማለዳው ቅዳሴ ወለሉ እጅግ ይበርዳል።

በዚህ ላይ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ወላጆች ለይተን ልናስብላቸው ይገባል። ይህ በሽታ በብዙ ሰዎች ላይ የእግርን ስሜት እያደነዘዘ ስለሚሄድ፣ በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ሲያቃጥላቸው ወይም እሾኽ ሲወጋቸው አይሰማቸውም፤ ትንሿም ቍስል ሳትድን ትቈይና ወደ ከባድ ጕዳት ትደርሳለች። እንዲህ ላለው አባት ወይም እናት ክፍት ጫማ ከነጭርሱ ባይመረጥ ይሻላል፤ ፊቱ የተሸፈነ፣ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ስፌት የሌለው ጫማ ከካልሲ ጋር ይጫሙ። ሁልጊዜም ከመጫማታቸው በፊት ጠጠር እንዳይኖርበት ውስጡን በእጅ መዳበስ፣ ማታ ማታም ልጆቻቸው መዳፋቸውን በብርሃን ቢመለከቱላቸው ይገባል። በቅጥሩ ግቢ በባዶ እግር መቆም ግድ ሲሆን ካልሲው እንዳይወልቅ።

ከከተማው ወጥቶ ወደ ስሜን የሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ የክፍት ጫማ ወሰን የት እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ከአገሩ ሰዎች ጠይቆ የተነሣ መንገደኛ ከጐንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል፤ ሳንቃበርን አልፎ ጨነቅ ሲደርስ ከፍታው ከ3,600 ሜትር ይበልጣል፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በዚያ አገር ሌሊቱ ውኃን እስከ ማርጋት ይበርዳል፤ መንገዱም የገደል ጫፍ ነው። የአገሩ ተወላጆች በቅሎ እየነዱ በኮንጎ ጫማ ያን ዳገት ሲወጡ አይቶ «እኔም እችላለሁ» የሚል የከተማ ሰው ይሳሳታል፤ የእነርሱ እግር ከሕፃንነት ጀምሮ የለመደው ነው። ቍርጭምጭሚትን የሚይዝ የተሸፈነ ጫማ በቀን፣ ክፍቱ ጫማ ግን ማታ ከድንኳን ደጃፍ እግርን ለማሳረፍ ይሁን።

በደጋው ስላለው ጫማ ስንናገር ከጉብኝት የሚበልጥ ጉዳይ አለና ሳናነሣው ልናልፍ አንችልም። ዝናም በሚበዛበትና አፈሩ ቀይ በሆነበት በአገራችን ደጋማ ስፍራ በባዶ እግር የሚያርሱ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጥ ዝሆኔ የሚባል በሽታ አለ። በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ ባደረጉት ምርምር፣ ይህ ዐይነቱ ዝሆኔ በትንኝ ከሚመጣው የተለየ መሆኑንና ምክንያቱም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የአፈር ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል መግባቱ እንደ ሆነ አስረዱ። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚሠቃዩበት ይገመታል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ሕመምተኛውን ከማዕድ የሚለዩ ሁሉ በድለውታል። በአንዳንድ ቤተሰብ ላይ የሚበረታው በትውልድ የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ ነው። ዓለም አቀፍ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት በደብረ ማርቆስ አካባቢ ለእነዚህ ሕሙማን እግር ማጠቢያና ጫማ በማቅረብ ሲሠራ ቈይቷል። መከላከያው በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብና ከልጅነት ጀምሮ መጫማት ነው፤ ነገር ግን አቧራው እንዳይገባ ጫማው የተሸፈነ መሆን አለበት፤ ለዚህ ክፍት ጫማ አይበቃም። በገጠር ላለ ዘመድ ልጅ ስጦታ የሚያስብ የከተማ ቤተሰብ ከልብስ አስቀድሞ የተሸፈነ ጫማና ሁለት ጥንድ ካልሲ ቢገዛለት መልካም ነው። ልጅ በየዓመቱ ያድጋልና በሚመጣውም ዓመት ይታሰብ።

አሁን ወደ ጉዞው እንመለስ። አዲስ ጫማ ከመንገዱ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ይገዛ፤ በመጀመሪያው ሳምንት በቤት ውስጥ አንድ አንድ ሰዓት፣ በሁለተኛው እስከ ገበያ፣ በሦስተኛው ደግሞ እስከ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና ከዚያም በላይ ይኬድበት። የሚፋቅ ስፍራ ካለ በዚያ ጊዜ ይታወቃል፤ ጫማ ሰፊውም ማሰሪያውን በወስፌ አንድ ቀዳዳ ቢጨምርበት ወይም ገበሩን ቢያለሰልሰው ይስተካከላል። በበጋ አቧራ ተረከዝ እንዳይሰነጠቅ ማታ ታጥቦ ቫዝሊን መቀባት ይጠቅማል። የቈዳው ጫማ በጠበሉ ከራሰ በእሳት አጠገብ ወይም በፀሐይ አይደርቅም፤ ጋዜጣ ተጐስጕሶበት በጥላ ሥር ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ ጥር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ ጫማው ጥቂት እርጥበት ቢኖረውም ለመጫማት ይደርሳል፤ በፒያሳ ያሉት ሊስትሮዎችም ቅባት ቀብተው የቀድሞውን መልክ ይመልሱለታል። ሆኖም ቀለም የሚቀባው ከደረቀ በኋላ እንዲሆን ልጁን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።